የረቡዕ ሣህን በፌርፋክስ

ረቡዕ ቀትር ላይ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ጠረጴዛዎች አንድ ዓይነት ምግብ ሲያዙ ሊሰማ ይችላል። በአንደኛው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው «የጾም በያይነቱ» ይላሉ። በሌላኛው የስፖርት ልብስ የለበሱ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን «ቬጂ ኮምቦ» ይላሉ። ትእዛዙ ወጥ ቤት ሲደርስ ሁለቱም አንድ ነው። ምስሩም፣ ክኩም፣ ጎመኑም፣ ሽሮውም ከአንድ ድስት ይጨለፋል። ልዩነቱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። እናትየው ሐሙስ ጥብስ ቢያምራቸው የሚከለክላቸው የለም፤ ወጣቶቹ ግን ሐሙስም ሆነ ፋሲካ ያችኑ ሣህን ነው የሚያዙት።

የፌርፋክስን ታሪክ ስለ ስደት ብቻ አድርጎ የሚተርክ ብዙ ነው። ስደት አለበት፤ ግን መንገዷ ከዚያ ያላነሰ ሌላ ሥራ ሠርታለች። የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ለዘመናት ሲያበስለው የኖረውን ማዕድ ከቀን መቁጠሪያው ለይታ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለማንም እንዲሸጥ አድርጋለች። ይህ ለጤናም ለአብሮ መኖርም ያተረፈው ነገር አለ፤ ያጎደለውም አለ።

ፌርፋክስ ረጅም ጎዳና ነው። ሰሜናዊው ክፍል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአይሁድ ሠፈር ሆኖ ኖሯል፤ ካንተርስ የተባለው ዝነኛ ምግብ ቤታቸው ዛሬም እዚያው ነው። ትንሿ ኢትዮጵያ የምትባለው ከዚያ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ፒኮ ሲወርዱ ያለችው አጭር ቁራጭ ናት። የአሳማ ሥጋ የማይነካ ሕዝብ የአሳማ ሥጋ ከማይነካ ሕዝብ ጋር ጎረቤት መሆኑ ማንም ያቀደው ነገር አልነበረም። ኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ስሙን ያገኘው ከተማዋ በ1932 እ.ኤ.አ. ካስተናገደችው ውድድር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በ1984 ሲመጣ ደርግ ሶቪየት ኅብረትን ተከትሎ አድማ ስለመታ የኢትዮጵያ ሯጮች አልመጡም። ስደተኞቹ ግን መጥተው ነበር።

ከእነሱ በፊትም የመጣ አለ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተብሎ የሚጠቀሰው በ1966 በየነ ጉልላት የተባሉ ሰው ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ በወደብ ከተማዋ ሎንግ ቢች የከፈቱት ነው። ብዙ አልዘለቀም። ያን ጊዜ በአካባቢው የነበረው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ያልፈታ። በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አማርኛን ለፈረንጅ ተማሪ በመጽሐፍም በቃልም የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ነበሩ። ቋንቋው በሎስ አንጀለስ ከእንጀራው ቀድሞ ተደላድሏል ማለት ይቻላል።

1974 ሁሉን ገለበጠው። አብዮቱ ሲፈነዳ ለትምህርት የወጣው መመለሻ አጣ፤ ከቀይ ሽብር የተረፈው በሱዳን በኩል እየወጣ መጣ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ቁጥሩ ጨመረ። እንግሊዝኛው ያልተሟላለት፣ ዲግሪው ያልታወቀለት ሰው የሚያገኘው ሥራ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ፣ ታክሲ፣ ነዳጅ ማደያ ነበር። ሦስትና አራት ደባል አንድ ክፍል ተከራይቶ ተራ በተራ ያበስላል። በአገሩ ማጀት ገብቶ የማያውቅ ወንድ ሽንኩርት መክተፍ የተማረው እዚህ ነው። በዚህ ረገድ ስደት ለብዙ የወደፊት ትዳር ውለታ ውሏል።

በ1985 ጥር መጨረሻ ላይ፣ ከዚህ መንገድ ጥቂት ማይል ርቆ በላ ብሪያ ጎዳና ባለ ስቱዲዮ ውስጥ፣ የአሜሪካ ታላላቅ ድምፃውያን በአንድ ሌሊት ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀረጹ። ማይክል ጃክሰንና ላየኔል ሪቺ የጻፉት ያ ዘፈን ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ለኢትዮጵያ ስምም አንድ ምስል ሰጠው። ለዓመታት አሜሪካዊ ቀልደኛ መድረክ ላይ ወጥቶ «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ባዶ ሣህን ነው የሚያቀርበው» ብሎ ሕዝብ ያስቅ ነበር። በዚያው በ1985 ነው መሶብ የተባለው ምግብ ቤት በፌርፋክስ ላይ የተከፈተው። ከረሃብ በቀር ስለ አገሪቱ አንዳች የማያውቅ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ «ግቡ፣ እናብላችሁ» ብሎ በር መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ከጊዜ በኋላ ሮዛሊንድስም፣ ኒያላም፣ መርካቶም፣ ሌሎቹም በዚያችው አጭር ቁራጭ ላይ ተሰለፉ። በመካከላቸው በርበሬ፣ እጣን፣ ጀበናና ካሴት የሚሸጡ ሱቆች ገቡ።

ከሁሉ ያስቸገረው እንጀራው ነበር። ጤፍ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤኪንግ ፓውደር ያለበት የፋብሪካ ዱቄት፣ የሩዝ ዱቄት፣ የገብስ ዱቄት፣ አንዳንዴም ለፓንኬክ የሚሸጥ ድብልቅ ተቦክቶ፣ ኩፍ እንዲል ጋዝ ያለው ውሃ እየተጨመረበት ይጋገር ነበር። ዓይን ያወጣል፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። እውነተኛ ሊጥ እርሾ ተጥሎበት ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ከዚያ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣልለታል፤ ተመልሶ ተቀላቅሎ ኩፍ ሲል ነው የሚጋገረው። በፈጣኑ ዘዴ የጠፋው ኮምጠጥ ያለው ጣዕም ብቻ አይደለም። በእህል ቅርፊት ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረትና ዚንክ የመሳሰሉትን ማዕድናት ይዞ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። የሊጡ መቡካት ይህን ይሰብረዋል። የአገር ቤት ባልቴቶች ሊጣቸውን ሦስት ቀን ሲያስጠብቁ ፋይቴት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም ነበር፤ የቸኮለ እንጀራ ሆድ እንደሚነፋ ግን ያውቃሉ።

መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ሥራ ላይ የነበረ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ አገሩ ተመልሶ በአይዳሆ ግዛት፣ በስኔክ ወንዝ ሸለቆ፣ ጤፍ መዝራት ጀመረ። በ1980ዎቹ ያ ጤፍ በጆንያ እየተጫነ በመላው አሜሪካ ለሚኖሩ ሐበሾች ይደርስ ጀመር። ምጣዱ ደግሞ ከኖርዌይ ስደተኞች ተገኘ። አዮዋ ግዛት ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤተኒ የተባለ ኩባንያ ሌፍሳ ለሚባል የኖርዌያውያን የድንች ቂጣ መጋገሪያ ክብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል፤ ስፋቱ 16 ኢንች፣ ለጥ ያለ። አንዲት ሐበሻ ሴት ይህን ዕቃ አይታ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ «ምጣድ» ሲባል የሚመጣው እሱ ነው። አክንባሎ ሆኖ የሚያገለግለው ከሌላ ድስት የተነጠቀ ክዳን ነው።

ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ በአሜሪካ ያለው ገበያ እምብዛም ያልተናጋው የአይዳሆ ማሳ ስለነበረ ነው። ጤፍ ግሉተን የሌለበት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ስንዴ የማይስማማው ፈረንጅ ሁሉ ወደ ፌርፋክስ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው እንጀራ አሁንም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ሕመም ያለበት ሰው ንጹህ የጤፍ እንጀራ አስቀድሞ ማዘዝ አለበት።

ወደ ሣህኑ እንመለስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሉ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ፣ የነሐሴው ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ የሦስት ቀኑ ነነዌና ገሃድ። ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። በብዙዎቹም እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም።

የዓመቱን ግማሽ ያለ ቅቤ የሚኖር ሕዝብ ወይ ይሰለቻል ወይ ይራቀቃል። የኢትዮጵያ ሴቶች ተራቀቁ። ሱፍ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ አሽተው ወተት የመሰለ ፈሳሽ አወጡለትና ፍትፍት አደረጉበት። ከተልባ መጠጥም ወጥም ሠሩ። ከባቄላ ዱቄትና ከስናፍጭ አብላልተው ስልጆ አወጡ፤ ጠረኑ አፍንጫ ሰርስሮ የሚገባ፣ ለሳምንታት የሚቀመጥ። ከሽምብራ ዱቄት ደግሞ ዓሣ ቀረጹ። ሊጡ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ከዚያ ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። የካሊፎርኒያ ኩባንያዎች ከአተር ፕሮቲን ሥጋ የሚመስል ነገር ለመሥራት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከማፍሰሳቸው በፊት በጎጃምና በሸዋ ማጀት የሽምብራ ዓሣ ሲዋኝ ኖሯል። ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ የማይነኩት ቪጋኖች እንኳ እንግሊዝ አገር ማኅበራቸውን የመሠረቱት በ1944 ነው።

ማዕዱ ግን እንደሚታሰበው ሁሉ ነገሩ ጥንታዊ አይደለም። ቃሪያና በርበሬ የተገኙት ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገቡትም ኮሎምበስ ከተጓዘ በኋላ ነው። ድንችን ያስገባው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ በፌርፋክስ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ የሚቀርበው የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የድንች አልጫ በዕድሜ የምስር ወጥ የልጅ ልጅ ነው። የበርበሬው ነገር ደግሞ ያስደንቃል፤ ከአሜሪካ ወጥቶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከኮረሪማ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተዛምዶ፣ በሻንጣ ተመልሶ አሜሪካ ገባ።

ይህን ማዕድ ከቀን መቁጠሪያ የመለየቱ ሥራ ለሁሉም እንዲታይ ሆኖ የተጠናቀቀው በ2000 ነው። ራሔል ወልደመድህን በፌርፋክስ የከፈቱት ምግብ ቤት ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይቀርብበት ሆነ። ለአገር ቤት ሰው ግራ የሚያጋባ ሐሳብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ የሆነበት ቤት! ለሎስ አንጀለስ ግን የተመቸ ነበር። ከተማዋ ስለ ምግብና ስለ ሰውነት የሚወጣ አዲስ ሐሳብ ሁሉ ቀድሞ የሚሞከርባት ናት። ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ቢነዱ፣ ብዙዎቹ አትክልት ተመጋቢ የሆኑና በረጅም ዕድሜያቸው የሚጠኑ አድቬንቲስቶች የሚኖሩባት ሎማ ሊንዳ አለች። በ2016 በፌርፋክስ የተከፈተውን ላሊበላ ጨምሮ ሌሎቹም ቤቶች የአትክልት ሣህናቸውን እያበዙና እያሳመሩ መጡ፤ አሥርና ከዚያ በላይ ዓይነት የሚደረደርበት ትሪ የመንገዷ መለያ ሆነ።

ታዲያ ሣህኑ ጤናማ ነው? እንደ አሠራሩ ነው። መሠረቱ ምንም አይወጣለትም፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ የቦካ የጤፍ እንጀራ። ፕሮቲኑም፣ ብረቱም፣ አሰሩም አለ። ችግሩ ዘይቱ ላይ ነው። ባለሙያ የሆነች ሴት ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቃ ትከትፍና ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች። ቡኒ ሆኖ ጣፋጭነቱ ሲወጣ ነው ዘይትና በርበሬ የሚከተለው። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ሰዓት ያጠረው ወጥ ቤት ግን ሽንኩርቱን ገና ከመጀመሪያው በዘይት ያጥለቀልቀዋል፤ ወጡ ይደምቃል፣ ከትሪው ላይም ዘይቱ እንጀራው ውስጥ ይሰርጋል። ቅቤ ቀርቶ ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ከገባ ጾሙ ለነፍስ ይሆን ይሆናል፤ ለክብደት ግን ያው ነው። አዋቂ ተመጋቢ ወጡ ላይ ያንሳፈፈውን ዘይት ያያል፤ ጎመኑን ያስጨምራል፤ እንጀራውን ሦስት ጥቅል ሳይሆን አንድ ያስመጣል።

ከዚህ ሌላ ከሣህኑ ላይ የማይታይ ነገር አለ። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ምስር የለውም፣ ጤፍም የለውም። ሐሙስ ዕለት ወደ እርጎና እንቁላል የሚመለስ ጿሚ ይህን ጉድለት በራሱ ጊዜ ይሞላል። ከላይ ያሉት ሁለት ወጣቶች ግን የማይመለሱ ስለሆኑ ቢ 12 በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ ካላገኙ ይጎዳሉ፤ ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ማዕዱ ሲዘጋጅ ለተፈራራቂ ኑሮ ነበር የተዘጋጀው። ጾሙ ፍስኩን፣ ፍስኩ ጾሙን ይጠብቃል። ፌርፋክስ አንዱን ግማሽ ሸጠች።

ሰዓቱም እንደዚሁ ቀረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያለመቅመስ ልማድ በምናሌ ላይ ሊጻፍ አይችልምና መንገዷ አልሸጠችውም። ደግነቱ ሌላ ሰው ሸጠው። ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቀው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቫልተር ሎንጎ የተባሉ ተመራማሪ ከዕፀዋት ብቻ የተዘጋጀ፣ አነስተኛ መጠን ያለው የአምስት ቀን ምግብ ሰውነት እንደጾመ እንዲሆን ያደርጋል ብለው ጥናታቸውን በ2015 አሳተሙ። ያ ምግብ ዛሬ በሳጥን ታሽጎ ይሸጣል። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የባለቤትነት መብት ይከበርልን አላሉም።

ኢትዮጵያዊው ራሱ በሎስ አንጀለስ ምን ሆነ? በአገሩ ሥጋ የበዓል ነገር ነበር። በግ የሚታረደው ለፋሲካ፣ ቅርጫ የሚገባው ለመስቀል ወይም ለገና ነው። እዚህ ክትፎ በማንኛውም ማክሰኞ ይገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ ላይ ጎረድ ጎረድ ያዛል፤ ለስላሳ መጠጡ ያለ ገደብ ይሞላለታል። ይህ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ የታየው በእስራኤል ነው። በ1984 እና በ1991 በአየር ተጓጉዘው የገቡት ቤተ እስራኤላውያን የስኳር ሕመም ብዙም የማይታይባቸው ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ፤ ዓመታት አልፈው አመጋገባቸው ሲለወጥ የእስራኤል ሐኪሞች በሽታው በመካከላቸው ሲበዛ መዘገቡ። ስለዚህ ሁዳዴን አጥብቆ የሚይዝ የሎስ አንጀለስ ሾፌር ከቄሱ ባሻገር ሐኪሙንም ያስደስታል። ፋሲካ ሌሊት ላይ ግን ጥንቃቄ ይበጀዋል። ከ55 ቀን በኋላ ባዶ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና ጠጅ በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ምን እንደሚፈጠር በየዓመቱ የሚያየው ብዙ ነው። እናቶች መጀመሪያ የተልባ ውሃ የሚያስጠጡት ለዚህ ነው።

በመንገዷ ላይ ያለው ሁሉ የጾም አይደለም። ገነት አጎናፍር በ2000 የከፈቱት ሚልስ ባይ ገነት በዶሮ ወጡ ነው ስሙን ያተረፈው። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሐያሲ ጆናታን ጎልድ ስለ ቤቱ ደጋግሞ ጻፈ፤ ስለ እሱ በተሠራው «ሲቲ ኦቭ ጎልድ» በተባለው የ2015 ዘጋቢ ፊልምም ላይ ገነት ቀረቡ። በምግብ ጽሑፍ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው በአንዲት ኢትዮጵያዊት ቁሌት ፊት መንበርከኩ ከእነዚያ የባዶ ሣህን ቀልዶች በኋላ ለሠፈሩ ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም።

ስለ ጉርሻ ሳይነሳ የፌርፋክስ ነገር አያልቅም። አሜሪካዊው እንግዳ መጀመሪያ የሚደነግጠው ሹካ በማጣቱ ሳይሆን የራሱ ሣህን በማጣቱ ነው። አራት ሆነው ገብተው አራት ዓይነት ያዛሉ፤ ሁሉም በአንድ ትሪ ይመጣል። ማን የማንን ይበላል? አስተናጋጇ እስክታስረዳ ድረስ ጥግ ጥጉን ይዘው ድንበር የሚያበጁ አሉ። ከዚያ አንዱ ደፍሮ ያጎርሳል፤ ሌላው ይስቃል፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲባል ደግሞ ይደገማል። በሎስ አንጀለስ የሚዘጋጀው «ሲምፕሰንስ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ በኅዳር 2011 ባሳየው ክፍል የቤቱ እናት ልጆቿን ይዛ በካርቱኑ ከተማ ያለች ትንሿ ኢትዮጵያ ገብታ እንጀራ በእጅ ስትበላ ታየች። ከዚያ ወዲያ ማጉረስን ለማስረዳት ብዙ መልፋት አላስፈለገም።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። በአገር ቤት አብሮ መብላት ማለት እኩል መብላት አልነበረም። በብዙ ቤት አባወራውና እንግዳው ይቀድማሉ፤ ሚስት ታስተናግዳለች፤ ልጆች መብራት ይዘው ወይም እጅ አስታጥበው ቆመው ጉርሻ ይጠብቃሉ። ፌርፋክስ ላይ ይህ ፈረሰ። ሁለት ሥራ ያላት ሚስት ቆማ የምታስተናግድበት ጊዜ የላትም፤ ባልም በደባልነት ዘመኑ ወጥ መሥራት ተምሯል። አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ትሪ ዙሪያ በአንድ ጊዜ መቀመጣቸው ከጎንደር የመጣ ወግ ተደርጎ ሲወራ ይሰማል፤ ግማሹ ግን የተወለደው እዚሁ ነው። የተወለደበት ቦታ ዋጋውን አይቀንሰውም። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ በግንቦት 2023 ብቸኝነት የሕዝብ ጤና አደጋ ሆኗል ብለው ይፋዊ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። በየመኪናው ውስጥ ብቻውን ከወረቀት ከረጢት የሚበላ ሰው ለሞላባት ከተማ አንድ ትሪ ለአራት ማቅረብ ቀላል መድኃኒት አይደለም።

ቡናውም የዚሁ ዘርፍ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚፈላ ቡና አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ቡናውን መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ተቀብሎ የሚሄድ ሕዝብ ከተማ ናት። በአፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ባትሪውን የሚያወጣው ልጅ ሥራ እዚህ አገር የተፈጠረ ነው። በረከቦቱ ዙሪያ ግን ባልና ሚስት የተኳረፉበት ጉዳይ ይነሳል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ እቁቡ ይሰበሰባል፤ ወላጅ ለሞተበት ማን ገንዘብ እንደሚያዋጣ ይወሰናል። ባንክ የማያበድረው አዲስ መጤ በእቁብ ዕጣ ሱቅ ከፍቷል። የእድሩ ደብተርም በስደት ላይ ቀጥሏል።

በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት መንገዷን በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት፤ በአሜሪካ ከተሞች በአንድ የአፍሪካ አገር ስም በይፋ የተሰየመች የመጀመሪያዋ እንደሆነች ይነገርላታል። ምልክቱ ተተከለ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለእንቁጣጣሽ በዓል መንገዱ ይዘጋል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ግን የመንገዷ መለያ የሆነው ነገር ሁሉ ክልክል ሆነ፤ አንድ ትሪ፣ ባዶ እጅ፣ ጉርሻ። ወጡ በየዓይነቱ በትናንሽ የፕላስቲክ ዕቃ እየተለየ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ በከረጢት ወጣ። ሚልስ ባይ ገነት የመመገቢያ አዳራሹን ዘግቶ ለሚወስድ ብቻ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ደንበኛ ያን ጊዜ ነው አብሮት የሚበላ ሰው ሳይኖር ክትፎ የቀመሰው።

አሁን ነገሩ ዞሮ ወደ መጣበት እየገባ ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ምናሌ ላይ «ቪጋን» የሚለው ቃል በአማርኛ ፊደል መታየት ጀምሯል። ከሎስ አንጀለስ የሚመጣ አትክልት ተመጋቢ ጎብኚ ግን ኢትዮጵያ የምግቡ አገር ናት ብሎ ተማምኖ ይገባና አንድ ነገር ይገጥመዋል። ረቡዕና ዓርብ እንደ ንጉሥ ይስተናገዳል። ማክሰኞ ዕለት ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት ገብቶ፣ ፌርፋክስ ላይ እንደለመደው በያይነቱ ያዛል።

«ዛሬ እኮ ጾም አይደለም» ትለዋለች አስተናጋጇ። ሽሮውስ? «ሽሮ አለ፤ ቅቤ ገብቶበታል። ነገ ይምጡ።»